አሸዋው ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች

ሰው የጠፋ ነገሩ ሲገኝለት እልል ይላል። እኔ ግን የልጅ ልጄ ሜሮን «እማማ፣ ያ ፊልም ተገኘ» ስትለኝ ልቤ ድንግጥ አለ። ብድግ ብዬ በሩን ዘጋሁና፣

«አያትሽ ሰምቷል?» አልኳት።

«ገና አልነገርኳቸውም።»

«እንዳትነግሪው።»

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመነሻው ልጀምር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ናራያን የሚባል ህንዳዊ የሂሳብ አስተማሪ ነበረ። የጓሮ ክፍላችንን ተከራይቶ ሦስት ዓመት ኖረ። ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሥጋ የሚባል ነገር ስለማይነካ ጎረቤቱ ሁሉ «ይኼ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይጾማል» እያለ ያከብረው ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁና በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ አዋራው ነበር። ከአገሩ ያመጣው የቪዲዮ ማጫወቻና ሦስት ካሴት ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ከባለቤቴ ከተክለ ማርያም ጋር የትምህርት ቤቱን ቴሌቪዥን ተሸክመው ያመጡና ተቀምጠው ያያሉ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ዝም ብለው ያያሉ፣ አንድ ቦታ ሲደርሱ ሁለቱም ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲጠጋ ናራያንን በሁለት ቀን ውስጥ ልቀቅ አሉት። ሲሄድ ማጫወቻውንና ካሴቶቹን ለተክለ ማርያም ትቶለት ሄደ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አናውቅም። እኔ እስከዛሬ አንዳንድ ቀን ትዝ ሲለኝ፣ አውሮፕላኑ በደህና ገብቶ ይሆን እያልሁ እጨነቃለሁ።

ተክለ ማርያም የቤተ ክህነት ልጅ ነው። ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ስድስት ዓመት ድጓ ተምሯል። ድምፁ ከተማሪው ሁሉ የተለየ ነበር ይላሉ፤ መምህሩም ከጎናቸው አያርቁትም ነበር አሉ። ትምህርቱን ጨርሶ ሊያስመሰክር አንድ ዓመት ሲቀረው አባቱ ሞተና ታናናሾቹን የሚያሳድግ ጠፋ። መምህሩን መሰናበት አቃተው። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ሳይነግራቸው ወጥቶ መጣ። «ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ» እያለ ዓመታት አለፉ። መምህሩ ማረፋቸውን የሰማ ቀን ፈዞ ዋለ፤ ሦስት ቀን አፉን አልከፈተም። እኔም ከዚያ ወዲያ ቤተ ልሔም የሚለውን ስም በቤቴ ውስጥ አላነሳም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ተክለ ማርያም ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ከደብረ ታቦር ቴሌቪዥንና ትንሽ ጄኔሬተር በጭነት መኪና አመጣ፣ ከባህር ዛፍ አግዳሚ አሠራ፣ እኔ መስኮቱ ላይ ጋቢ እጋርዳለሁ። ሌሎች ቪዲዮ ቤቶች ተኩስና ካራቴ ያሳያሉ። የኛው ቤት የሚያሳየው የናራያንን ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሰው ከነዚያ ቤቶች እየወጣ ወደኛ ይመጣ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ይመጣ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፊልሙ ራሱ ነው። የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ ሲያለቅሱ የሚያለቅሱት ከልባቸው ነው፤ ሽማግሌ ሲያዩ ጎንበስ ብለው እግር ይስማሉ፤ በሬ፣ ወንዝ፣ አውድማ አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ተክለ ማርያም ነው።

ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረማ። እሱ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጥና ምስሉን በመቋሚያው እየጠቆመ ይተረጉማል። አተረጓጎሙም የቤተ ክርስቲያን ነው።

«ይቺ ሴት ወደ ወንዝ ወረደች። ስለምን ወረደች? ውኃ ልትቀዳ ነው። አንድም፣ ሰው ሳያያት ልታለቅስ ነው።»

ሴትዮዋ አምባሯን ድንጋይ ላይ ስትሰባብር፣ «ዓለምን ናቀች፣ ልትመነኩስ ነው» ይላል፤ አሮጊቶቹ እልል ይላሉ። መጨረሻው ላይ ሁለት ሰዎች የወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ጎልማሳ። ጎልማሳው የሽማግሌው እግር ላይ ይወድቃል፣ ሽማግሌው ያነሳዋል፣ ከዚያ አብረው ይዘፍናሉ። «በአባታቸው ርስት የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ እነሆ ታረቁ» ይላል ተክለ ማርያም። እዚህ ላይ ቤቱ በለቅሶ ይሞላል።

ጎረቤታችን ካሳ ያን ጊዜ ከታላቅ ወንድሙ ከእሸቴ ጋር በማሳ ወሰን ተኳርፎ ሰባት ዓመቱ ነበር። እሸቴ ወገዳ ነበር የሚኖረው። ካሳ ፊልሟን አራት ጊዜ አየ። በአምስተኛው ቀን በቅሎውን ጭኖ ወገዳ ወረደና ከወንድሙ ጋር ታርቆ ተመለሰ። እሸቴ ካረፈ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የቀበረው ካሳ ነው።

ካሴት ዕድሜ የለውም። ሁለቱን ማሽኑ በላቸው። ያቺ የምንወዳት ደግሞ መስመር እየሞላባት፣ ድምፅዋ እየሰለለ ሄዶ አንድ ቀን ቀጥ አለች። ልጆች ጥቁር ክሯን ወስደው ወፍ እንድታባርር ገብስ ማሳ ላይ ዘረጓት። ነፋስ ሲነካት ትጮህ ነበር። ተክለ ማርያም ቆሞ ሲያዳምጣት አይቼዋለሁ። ለኔ የቀረኝ ባዶው ሣጥን ነው፤ በላዩ ላይ ናራያን በራሱ ፊደል የእሷን ስም በጉልህ፣ የሌሎቹን ሁለቱን ከሥር ጽፎበታል፣ ፊደሉ እንደ ዱባ ሐረግ ጫፍ ጥቅልል ጥቅልል ያለ። መርፌና ክር አስቀምጥበታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የተክለ ማርያም ዓይን ጠፋ። የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን። እንዴት ሳላስተውል ቀረሁ እያልሁ ስንት ቀን ራሴን በላሁት። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውላል። ብላ ስለው ይበላል፣ ተኛ ስለው ይተኛል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ካሳና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይመጡና «እስቲ ያቺን ፊልም!» ይሉታል። ያን ጊዜ ቀና ይላል። «ተዋበች፣ መቋሚያዬን» ይለኛል። በሌለ ቴሌቪዥን ላይ እየጠቆመ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክላቸዋል። ባሌን በሳምንት አንድ ቀን የማገኘው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሜሮን ደብረ ታቦር ነው የምትማረው። በመስከረም መጥታ ቁልፍ ልትተክል መርፌ ስትፈልግ ሣጥኑን አገኘችና ፊደሉን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ስልኩ አነበበላት አለችኝ፤ እንዴት እንደሚያነብ እኔ እንጃ። ለጥምቀት ስትመለስ ፊልሙን በፍላሽ ይዛ መጣች። በሩን የዘጋሁትም ለዚህ ነው፤ ፊልሟ ራሷ መጥታ ያቺን እሑዴን እንዳትወስድብኝ ፈርቼ።

«ደግሞ እናንተ ህንድኛ የምትሉት ቋንቋ የለም እማማ። የሚስተር ናራያን ቋንቋ ካንናዳ ነው የሚባለው። ፊልሙ ስልሳ ዓመት ሞልቶታል፣ ሰው ግን እስከዛሬ ያየዋል። ያዩት ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ላንብብልሽ? ይኼኛው፣ ‹እናቴ በድንኳን ሲኒማ መሬት ላይ ተቀምጣ አይታው ነበር፤ በዚህ ዘፈን እሹሩሩ እያለች አሳደገችኝ› ይላል። ይቺ ደግሞ ‹ዛሬ ከልጅ ልጄ ጋር አየሁት፣ ሁለታችንም አለቀስን› ትላለች።»

ይኼን ስሰማ ትንሽ ደስ አለኝ። በማላውቀው አገር እንደኔ ያለች አሮጊት አለች ማለት ነው።

«ግን አንድ ነገር አለ» አለች ሜሮን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ከምስሉ ስር ተጽፏል። ሴትዮዋ ልትመነኩስ አይደለም፣ ባሏ ሞቶባት ነው አምባሯን የሰበረችው፤ ያገራቸው ሐዘን ነው። ሁለቱ ሰዎችም... ወንድማማቾች አይደሉም። መምህርና ተማሪ ናቸው። ተማሪው መምህሩን ጥሎ ንጉሥ ቤት ዘፋኝ ሆኖ፣ በመጨረሻ ተጸጽቶ መጣ።»

ቁጭ አልሁ። አያችሁ፣ ሠላሳ ዓመት የተረጎመው ስህተት ነበር መባሉ አንድ ነገር ነው። ግን ከነገር ሁሉ ይኼ? መምህሩን ሳይሰናበት የወጣ ተማሪ? ይኼን ከሰማ ፊቱን ከግድግዳው መቼ ይመልሳል?

«ሜሮን፣ በማርያም ይዤሻለሁ። አያትሽ ፊት እንዳታጫውቺው።»

«ደስ ይላቸዋል ብዬ እኮ ነው የለፋሁት! ሁለት ወር ነው የፈለግሁት።»

«ደስታውን እኔ አውቀዋለሁ። ሰውየውን አርባ ምናምን ዓመት ነው የማውቀው።»

ሜሮን አኮረፈችና ወጣች። ቢሆንም ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር፣ ካሳ የሚባል ሰው ባይኖር ኖሮ። ለካ ልጅቷ ስትመጣ መንገድ ላይ አግኝታው ፊልሙ መገኘቱን ነግራው ኖሯል። በማግስቱ ገና በሩን ሳያልፍ ይጮህ ጀመር።

«አያ ተክሌ! እንኳን ደስ ያለህ፣ ካሴትህ ከሞት ተነሳች!»

ተክለ ማርያም ከግድግዳው ዞረ። «ምን አልህ?»

«ሜሮን በፍላሽ ይዛታለች! እሑድ ሕዝብ ሰብስቤ ነው የምመጣው። እትዬ ተዋበች፣ ጋቢሽን አዘጋጂ!»

«ጋቢው ተቀዷል» አልሁት።

«የኔን አመጣለሁ። ምነው ፊትሽ? ቀረጥ የጠየቅሁሽ አስመሰልሽው እኮ።»

ተክለ ማርያም ፊቱ በራ። እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ በሁለት ዓመት አይቼው የማላውቀው ፊት ነው። «ተዋበች፣ የናራያን ናት? ራሷ ናት?» አለኝ፣ እጄን እየፈለገ። ምን ልበለው? «ራሷ ናት» አልሁት።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ቅዳሜ ሜሮንን ጓሮ ወሰድኋትና ለመንኋት። «አያትሽ አያይ፤ ከስር የተጻፈውን አንቺ ነሽ የምታነቢለት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እሱ ይተርክ እንደነበረው አድርገሽ አንብቢ። ወንድማማቾች ናቸው በይ። ማንን ይጎዳል?»

«ልዋሽ?»

«አትዋሺ። ዝም ብለሽ... እንደ ድሮው በይ።»

«እሺ፣ ለአንቺ ስል» አለች። ዓይኗ ግን አልወደደውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ሞላ። ድሮ አግዳሚው ላይ ልጅ ሆነው የተቀመጡ ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ካሳ ጋቢውን መስኮቱ ላይ ጋረደ። ልጃችን የገዛልን ቴሌቪዥን ላይ ፊልሟ ስትበራ፣ ያ ሁሉ መስመር የለ፣ ያ ሁሉ ጭረት የለ፣ ጥርት ብላ! የሴትዮዋ ዓይን እንባ ሲያቀርር ሳይቀር ይታያል። ከስልክ ላይ ዓይናቸውን የማያነሱት ልጆች እንኳ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ተክለ ማርያም መቋሚያውን ይዞ ከጎን ተቀመጠ፣ ሜሮን አጠገቡ። እሷ የተጻፈውን ታነባለች፣ እሱ ይተረጉማል። አምባሩ ላይ ሲደርስ «መነነች» አለችለት፤ ተክለ ማርያም ፈገግ አለ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ።

አሸዋው ላይ ደረሱ። ጎልማሳው ወደቀ። ሽማግሌው አነሳው። መዝፈን ጀመሩ።

ተክለ ማርያም መቋሚያውን አልዘረጋም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«አቁሚው» አለ። «መልሺው እስቲ።»

ሜሮን መለሰችው። ዘፈኑ እንደገና ጀመረ።

«ይኼ ልጅ የሚጀምረው ሽማግሌው ካቆመበት ነው» አለ። «ሽማግሌው ይመራል፣ ልጁ ይከተላል። አሁን ስሙ... እዚህ ጋ ሳተ። ሽማግሌው አረመው። ሰማችሁ? ደግሞ ከፍ አድርጎ ሰጠው። ወንድም ለወንድሙ እንዲህ አይዘፍንም። ይኼ ትምህርት ነው። ልጁ ዜማ እየተቀበለ ነው።» ቆም አለና፣ «ይኼን ያህል ዓመት አየሁት እንጂ አልሰማሁትም ነበር። ዓይኔ ነው የከለከለኝ» አለ።

ፊቱን ወደ ሜሮን መለሰ።

«ሜሮን፣ ምን ይላል የተጻፈው?»

ሜሮን ወደኔ አየች። ራሴን ነቀነቅሁ፤ በጄ ለመንኋት።

«‹ወንድሜ ሆይ፣ ይቅር በለኝ› ነው የሚለው አባባ።»

«ሜሮን» አለ ረጋ ብሎ። «የተጻፈውን አንብቢ። አንባቢ ያልተጻፈ ካነበበ ተርጓሚው በምን ይቆማል?»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲያ እኔን አላየችም።

«‹መምህሬ ሆይ፣ ሳልሰናበትዎ ወጣሁ። ንጉሡ ወርቅ ሰጠኝ፣ ዜማ ግን አልሰጠኝም› ይላል።»

«ሽማግሌውስ?»

«‹የተቀመጥህበትን ቦታ በየጧቱ እጠርገዋለሁ። ና፣ ካቆምህበት እንቀጥል› ይላሉ።»

ተክለ ማርያም መቋሚያው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። አሁን ተነስቶ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ከዚህ በኋላ እሑድ የሚባል ነገር የለም አልሁ በልቤ። ሰዉም ግራ ገብቶት ይተያያል። መጀመሪያ የተናገረው ካሳ ነው።

«ቆይ ቆይ» አለ እጁን አንስቶ። «እንግዲህ ወንድማማቾች አይደሉም?»

«አይደሉም» አለች ሜሮን በቀጭን ድምፅ።

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን? እሸቴን ከመቃብር አስነስቼ እንደገና ልጣላው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ካሳ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ወደ ተክለ ማርያም ሄደና ጉልበቱን ያዘ።

«አያ ተክሌ፣ ፊልሙ የራሱን ይበል። አንተ ያልኸኝን ሰምቼ ነው ወገዳ የወረድሁት። ወንድሜን በእጄ ቀብሬዋለሁ። ይኼን ማንም እንግሊዝኛ አይወስድብኝም።»

ተክለ ማርያም ቀና አለ። ጉንጩ ርሷል። እጁን ዘርግቶ የካሳን ራስ ዳሰሰ፣ ከዚያ መቋሚያውን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ በትክክል ሁለቱ ሰዎች ወደቆሙበት ዘረጋው። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ የድሮው የቪዲዮ ቤት ድምፅ ነበር።

«እነዚህን ወንድማማች ናቸው ብለን ነበር። እሱም ይሁን፤ የታረቀበት ሰው አለና። አንድም፣ መምህርና ደቀ መዝሙር ናቸው። ደቀ መዝሙሩ ሳይሰናበት ወጣ። ስለምን ወጣ? ወርቅ ወዶ። አንድም፣» እዚህ ላይ መቋሚያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ «አንድም፣ ታናናሾቹ ርቧቸው። መምህሩ ግን ቦታውን ጠርገው ጠበቁት። ስለምን ጠበቁት? ዜማ ካቆሙበት ይቀጠላልና።» ወደ ሜሮን ዞረ። «ልጄ፣ ቀጥዪ። ከዚህ በፊት ያለውንም መልሰሽ በትክክል አንብቢልኝ። የአምባሩንም ጭምር።»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። ማንም አልተነሳም። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይተረጉማል፤ አንዳንዴ «አሃ!» ይላል እንደ ልጅ፣ «ለዚህ ነው ለካ የምታለቅሰው!» አሮጊቶቹ ስለ መበለቷ እንደገና አለቀሱ፤ ይኼኛው ለቅሶ ከበፊቱ በለጠ።

ሰው ሲበተን አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። «እኔ ነኝ እንድትዋሽ ያደረግኋት» አልሁት።

«አውቄአለሁ» አለኝ። «ሜሮን ስትዋሽ ድምፅዋ ያንቺን ይመስላል።»

«ፈርቼልህ ነው።»

«አንቺ መቼ ሳትፈሪልኝ አደርሽ?» አለና እጄን ያዘው። «የሣጥኑን መርፌ አውጪው ተዋበች። ሣጥኑን ለሜሮን ስጫት። የቀሩትንም ሁለቱን ትፈልግልኝ።»

ይኼ ከሆነ አንድ ወር አለፈ። ሜሮን ተመልሳ ሄዳለች፣ ሁለተኛውን አግኝቼዋለሁ ብላ ደውላለች። እሑድ እሑድ ቤቱ ይሞላል። ተክለ ማርያም ደግሞ መንገዱ ሲያስተማምን ቤተ ልሔም እሄዳለሁ ብሏል። የመምህሩ ወንበር ላይ አሁን ያሉት የሳቸው ደቀ መዝሙር ናቸው አሉ። መቃብሩን ሊሳለም ነው፤ ከዚያም ያችን የቀረችውን አንድ ዓመት ካቆመበት እንዲያስቀጥሉት ሊጠይቅ። በሰባ ሁለት ዓመቱ! አውቶቡሱ፣ ብርዱ፣ ማን ይመራዋል፣ የት ያድራል እያልሁ ከአሁኑ መጨነቅ ጀምሬአለሁ። ካሳ «እኔ እመራዋለሁ» ይላል፤ ካሳን ራሱን ማን ይምራው?

ግን ለመንገዱ ነጠላውን አጥቤአለሁ። ዛሬ ጧት ስነሳ አልጋው ላይ አልነበረም። ውጭ ፀሐይ መሞቂያው ድንጋይ ላይ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ተቀምጦ፣ አርባ ዓመት ከአፉ ያልሰማሁትን ዜማ ቀስ አድርጎ ያዜማል። አንድ ቦታ ሳተ፤ ራሱን አረመና መልሶ ጀመረ።

ብርድ እንዳይመታው ጋቢ ደረብሁበትና፣ እንዳላቋርጠው በእግሬ ጣት ወደ ቤት ተመለስሁ።